ሐይቁ ሥራ ላይ ነው

ባሕር ዳርን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ሻንጣውን የሚያሳርፈው አብዛኛውን ጊዜ ሐይቁ በመስኮት ከሚታይበት ሆቴል ነው። የዚህ ጽሑፍ መንገደኛ ግን ያረፈችው ፔዳ፣ ዘመድ ቤት ነው። እዚያ በየአቅጣጫው የሚታየው ተማሪ እንጂ ጣና አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤቱና ጭማቂ ቤቱ ተደርድረዋል፤ ረከቦቷን ዘርግታ ጀበና የጣደች ወጣት ከሰሉን ታራግባለች፤ ባለባጃጁ «አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፣ ከኋላ የቀረው ሦስት ሰው ቢሆንም። ከተማው ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት እንደ ልብ ይነዳበታል። ሽማግሌውም፣ ነጠላዋን ያጣፋች እናትም፣ ከኋላ ጓደኛውን ያፈናጠጠ ተማሪም ይነዳል። አዲስ አበባ ላይ ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ወይም የስፖርት ዕቃ ነው፤ እዚህ ሰው ገበያ ይሄድበታል።

ሰፈሩ የሚጠራው በ1960ዎቹ አጋማሽ በተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ከእሱ የሚቀድመው ፖሊቴክኒክ፣ ከተሜው በአጭሩ ፖሊ የሚለው፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመ ነው። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተጣምረው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ማክስ ጉተር የተባለ ጀርመናዊ የከተማ ቀያሽ ከቡድኑ ጋር ለባሕር ዳር መሪ ዕቅድ አዘጋጀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከዓባይ ማዶ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ዛሬ ጎብኚው ፎቶ የሚነሣባቸው ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች የዚያ ዘመን ሐሳብ ውጤት ናቸው። ከተማው የመዝናኛ ስም ሳያወጣ በፊት የፋብሪካና የትምህርት ቤት ከተማ ሆኖ ታስቧል ማለት ነው።

መንገደኛዋ የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ለሥራ ብላ አዲስ አበባ ከገባች ቆይታለች። ሐይቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብላ ነው የመጣችው። ሐይቅ ማለት ለእሷ ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚደረግ የማታ ሽርሽር ነው፤ አሞራ ገደል ሄዶ ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት፣ የአባ ኮዳዎችን የአንጀት ሽሚያ እያዩ መሣቅ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማዶው ይታያል። ጣና ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማዶ የለውም። ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን መስመር አይታ፣ ባሕር የሌላት አገር ሰው «ባሕር» ብሎ ሊጠራው ይችል የነበረው ይህንኑ እንደሆነ አላጣችውም። የሚያስገርመው ጥልቀቱ ነው፤ ይህ ሁሉ ውሃ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ትንሿ የሐዋሳ ሐይቅ ከ20 ሜትር በላይ ትወርዳለች።

ጣና ዳር ደረት ገልጦ ዋና የሚገባ ሰው ብዙም አይታይም። አንደኛው ምክንያት ቢልሃርዝያ ነው። ሁለተኛው ጉማሬ ነው፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጆሮና አፍንጫውን ብቻ ከውሃ አውጥቶ ይጠብቃል። የባሕር ዳርቻ ከተማ ሲባል በዓለም ላይ የሚታወቀው አሸዋ፣ ዣንጥላና ዋና ነው፤ ባሕር ዳር ግን ሰው በውሃው ዳር ተቀምጦ ቡና ይጠጣል እንጂ ውሃው ውስጥ አይገባም። ውሃውን የሚደፍሩት የሚሠሩበት ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ማለዳ ላይ ቀድመው የሚታዩት ባለታንኳዎቹ ናቸው። ታንኳዋ ከዘጌ አቅጣጫ ስትመጣ ከሩቅ የምትታየው የማገዶ ክምር ሆና ነው፤ ሰውየው ከክምሩ ኋላ ተቀምጦ ረጅም ቀርከሃ ግራና ቀኝ እያለዋወጠ ይቀዝፋል። ቀረብ ብሎ ላያት፣ ታንኳ ከእንጨት የተሠራች ጀልባ አይደለችም። የደንገል አገዳ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ፣ እስሩ በእስር ላይ ተጋድሞ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና እንዲል ተጎትቶ ይታሰራል። መሐሏ ላይ ሌላ የደንገል ድርብርብ ይደረግና ጭነቱ ውሃ እንዳይነካው ከፍ ይላል። ሆዷ ስለማይደፈን ውሃ ከሥር ይገባል፣ ከሥር ይወጣል፤ የሚያንሳፍፋት በአገዳው ሆድ ውስጥ ያለው አየር ነው። ቀኑን ውላ ስትመለስ ውሃ ጠጥታ ትከብዳለች፤ ያን ጊዜ ወደ ዳር ተጎትታ ፀሐይ ላይ ትሰጣለች። ይህም ተደርጎ ከጥቂት ወራት በላይ አትዘልቅም። ስታረጅ ባለቤቷ አይቆጭም፤ ደንገሉ ሐይቁ ዳር ስለሚበቅል ሌላ ያስራል።

በዚህ ሙያ ስማቸው የሚነሣው ወይጦዎች ናቸው። ከጥንት ጀምረው ኑሯቸውን ከጣና ጋር ያቆራኙ፣ ራሳቸውን ነገደ ወይጦ ብለው የሚጠሩ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ጉማሬ ያድኑና ሥጋውን ይበሉ ስለነበር፣ ሙስሊሞች ነን ቢሉም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ለብዙ ዘመን አግልሏቸው ኖሯል። የጉማሬው አደን ቀርቷል፤ የመገለሉ ነገር ግን አደኑ የቀረውን ያህል ፈጥኖ አልቀረም። ሴቶቹ ከደንገልና ከፊላ ሰፌድና ቅርጫት ይሠፋሉ። ቱሪስት ለመታሰቢያ የሚገዛት የክንድ ርዝመት ያላት ትንሽ ታንኳ በየሱቁ ተሰቅላለች፤ ትልቋን የሚያስሩት ሰዎች ግን በከተማው ዕቅድና በሐይቁ መካከል በቀጠነች መሬት ላይ ተጨናንቀው ይኖራሉ።

ይህችው ደንገል ሌላም ታሪክ አላት። የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ፣ ግብፅ ውስጥ ለሥራው የሚበቃ ደንገል ስላላገኘ ከጣና አስመጣ። የቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ያሰሩለት «ራ» በ1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ተነሥታ አብዛኛውን መንገድ ከሄደች በኋላ ተበጣጠሰች፤ በዓመቱ የተሠራችው ሁለተኛዋ «ራ» ባርቤዶስ ደረሰች። ማገዶ የጫነው ሰው ይህን ሲሰማ ብዙም አልተደነቀም። «ስንት ቀን ውሃ ላይ ቆየች?» ብሎ ጠየቀ። ወራት ፈጀች ሲባል ራሱን ነቀነቀ። «ሳያደርቋት?»

መንገደኛዋ ወደ ገዳማቱ በሄደችበት ሞተር ጀልባ ላይ የተሳፈሩት አብዛኞቹ የአገር ውስጥ ጎብኚዎች ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የውጭውን ሰው አርቆታል፤ ወደቡ ላይ ታስረው የሚውሉት ጀልባዎች ቁጥር ይህንኑ ይናገራል። አስጎብኚነት፣ ጀልባ ነጂነትና የእጅ ሥራ ንግድ ባዶ እጁን የሚውለው አንዱ ከሌላው ተከታትሎ ነው። ባሕር ዳር በ1994 ዓ.ም. ከዩኔስኮ የከተሞች የሰላም ሽልማት የተቀበለች ከተማ ናት፤ ያንን ያስታወሰው ጀልባ ነጂው ራሱ ነው፣ ያለ ምሬት፣ የድሮ ፎቶ እንደሚያሳይ ሰው።

በጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች ይቆጠራሉ፤ ግማሽ የሚሆኑት ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን አለባቸው። ክብራን ገብርኤል ለከተማው ቅርብ ነው። ጀልባው ወደ ደሴቱ ሲጠጋ ነጂው ሞተሩን ቀነሰና «እህቴ፣ እዚህ ወንዶቹ ብቻ ናቸው የሚወርዱት» አላት። መንገደኛዋ ይህን ሰምታ ነበር፤ መስማትና ጀልባ ላይ መቅረት ግን ይለያያሉ። የቀሩት ሴቶች አራት ነበሩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ከተቀመጡበት ሆነው ደሴቱን ተሳለሙ። አንዲት ወጣት ስልኳን አውጥታ በሩቁ ዛፎቹን ፎቶ አነሣች። ሌላዋ ዝም አለች፤ ዝምታዋ መከባበር ይሁን ቅሬታ ለማወቅ አይቻልም ነበር። መንገደኛዋ ግን እናቲቱን ጠየቀቻቸው፦ «እማማ፣ አይከፋዎትም?» «ለምን ይከፋኛል ልጄ? እኔ ወደ ጌታዬ ቤት ልሄድ እንጂ መነኩሴ ላይ ልፈርድ አልመጣሁ» አሏት።

ክልከላው ከዚህም ይሰፋል። ከባሕር ዳር ርቆ በሐይቁ መሐል የሚገኘው ዳጋ እስጢፋኖስም ሴት አይረግጠውም። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አጽም ያረፈው እዚያ ነው። ደሴቶቹ በየዘመኑ ከጦርነት የሚሸሽ ቅርስ መጠጊያ ነበሩ፤ በግራኝ ዘመን ከየአድባራቱ የሸሸ ንዋየ ቅድሳት በሐይቁ ውሃ ተከልሎ ተርፏል። የዳጋ ጎረቤት የሆነው ደቅ ደሴት ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ አለ። ያንን ቤተ ክርስቲያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በአንዱ ደሴት ሴት አትገባም፤ ባጠገቡ ባለው ደሴት ላይ ያለውን ደብር ያቆመችው ሴት ናት። ስለ ጣና ገዳማት አንድ ቃል ለመናገር የሚፈልግ ሰው ሁለቱን አብሮ መያዝ አለበት።

ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። ከጀልባ ሲወረድ ፀሐዩ ወዲያው ይጠፋል፤ ጫካው እንዲህ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በዛፎቹ ጥላ ሥር የበቀለው ቡና ነው። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም። በአገሬው አፍ የሚነገረው ታሪክ ይህ ነው፦ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም መሬቱን ሳያርስ በእነዚህ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ማረስ ግዝት ነው። መንገደኛዋ በመንገዷ ሁሉ ያየችው የጎጃም ምድር እስከ ኮረብታው ጫፍ ድረስ የታረሰ ነበር። እዚህ ግን የአርሶ አደሩ አገር መሐል የማያርስ ሕዝብ አለ፤ ጤፉን ከገበያ የሚገዛ፣ ቡናውን የሚሸጥ።

የደን ጥበቃ ባለሙያዎች በፖሊሲና በበጀት የሚሞክሩትን እዚህ አንድ ግዝት ለዘመናት አከናውኖታል። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ዘጌ ቀድሞውኑ የራሱ ሕግ ነበረው። ሆኖም ግዝቱ የከለከለው ማረስን ነው፤ መጥረቢያን አይደለም። ማለዳ ባሕር ዳር የምትደርሰው ማገዶ የጫነች ታንኳ ከየት እንደምትነሣ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ቡናው በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚለቀመው፤ የቤት ወጪ ግን ዕለት በዕለት ነው።

ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ ዳርና ዳሩ ንግድ ነው። ፍየል ቆዳ ላይ የተሣለ መልአክ፣ የእንጨት መስቀል፣ ሎሚ፣ የተቆላ ቡና በፌስታል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ የሚታየው የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ለብሷል። ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የተቀባ ይመስላል፤ ጠርዙን አስተውሎ ላየው ግን ሸማ ነው፣ ተስሎ የተለጠፈ። መንገደኛዋ ብዙ የቆመችው በላዔ ሰብእ ፊት ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰውዬ፣ በእመቤታችን ስም ለአንድ ለምጻም ጥርኝ ውሃ አጠጣ። ሚዛኑ ተሰቅሏል፤ በአንዱ በኩል የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን ውሃው ላይ ስታሳርፍ ሚዛኑ ያዘነብላል። በዙሪያው ያሉት ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው በሁለት ዓይን ያያሉ፤ አጋንንቱና ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ማንበብ የማይችል ሰው ማን ማን እንደሆነ ዓይን ቆጥሮ ይለያል።

አባ፣ አስረጂው መነኩሴ፣ ሥዕሉን በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ያስረዱና በመሐል ቆም ይላሉ። ጎብኚው ፎቶውን እስኪጨርስ ነው የሚጠብቁት። አንድ ወጣት ይህን ሁሉ ሥዕል ለማየት ስንት ሰዓት ይበቃል ብሎ ጠየቃቸው። «እኛ ልጅ ሆነን ነው የጀመርን፤ አሁንም እያየን ነው» አሉት። ለእሱ ሙዚየም ነበር፤ ለእሳቸው ግን ማታ ተመልሰው የሚቆሙበት ቦታ ነው።

ምሳ ረቡዕ ቀን ላይ ዋለ። ከሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ አንዱ ጠረጴዛ ሽሮና ሱፍ ፍትፍት አዘዘ፤ ጎረቤቱ ጉላሽና ለብለብ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር እዚህ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ምሳ ላይ ይቀርባል፤ አስተናጋጇም ማንንም ሳታሳፍር «የጾም ነው፣ ዓሣ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ለመንገደኛዋ የመጣላት ቆሮሶ ነበር፤ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ጠልቆ፣ ጭንቅላቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ የተጠበሰ። ሐዋሳም የሚበላው ይኸው ነው፤ ጥሬው አልቀረበላትም እንጂ ቤቷ የገባች መሰላት። እንጀራው ግን ነጣ ብሎ ለስለስ ይላል፤ ጤፉ ከሩዝ ጋር ተቀላቅሏል። ሩዙ የሚመጣው ከሐይቁ ምሥራቅ ከፎገራ ሜዳ ነው። ጣና ክረምት ሲሞላ፣ ርብና ጉማራም ሲያጥለቀልቁ የሚዋጠው ያ ሜዳ፣ ሩዝ የለመደው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ዛሬም በገበሬው አፍ ያለ ስም ነው። ከባሕላዊ ምግብ ሁሉ ባሕላዊ በሚባለው እንጀራ ውስጥ ፒዮንግያንግ ገብታለች ማለት ነው፤ ማንም ግን አልተገረመም።

አስተናጋጇ ሌላም አቅርባ ነበር፦ ነጭ ዓሣ። ይህ ጣናን ከሐዋሳ ብቻ ሳይሆን ከዓለም የሚለየው ነው። በጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አንዱ ትንንሽ ዓሣ እያሳደደ ይበላል፣ ሌላው ጭቃ ይፈትሻል፣ ሌላው ቅጠል ይመገባል። ተመራማሪዎች ከአንድ አባት ወጥተው በዚሁ ሐይቅ ውስጥ የተለያዩ መሆናቸውን ደርሰውበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወጥተው ነው የሚራቡት። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ ከገባ በኋላ አስጋሪው የወንዞቹ አፍ ላይ በዚያው ወቅት መረብ መዘርጋት ጀመረ፤ የነጭ ዓሣው ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክፉኛ ወረደ። የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳር ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ተያይዞታል። በደምቢያና በፎገራ አርሶ አደሩ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲያወጣ የሚያሳየውን ፎቶ አይቶ የማያውቅ የለም። እዚህ ደቡብ ዳር፣ በጠረጴዛው ልብስና በጽጌረዳው መካከል፣ እምቦጭ ሩቅ ይመስላል። ሐይቁ ግን አንድ ነው።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከድንጋይ የተሠራው አሮጌው የአላታ ድልድይ ገና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያለ ነው፤ እረኞች ፍየሎቻቸውን እየነዱ ያልፉበታል። ጎብኚውም ያልፍበታል፤ በልቡ የሚያስበው ግን የድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለውን ፏፏቴ ነው። ያ ብር ከእጅ የወጣ ቢሆንም ሥዕሉ ከሰው አእምሮ አልወጣም፦ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ዳር እስከ ዳር ነጭ ውሃ።

ፏፏቴው እንደዚያ የሚሆነው በክረምት ማብቂያ ነው። በቀረው ወቅት ገደሉ ላይ የሚንጠለጠለው ቀጭን ውሃ፣ የጠቆረው ዐለት ራቁቱን የቀረበት ነው። ምክንያቱ ተደብቆ አይደለም። ከፏፏቴው በላይ ውሃውን በቦይ ጠልፎ የሚያመነጨው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛው በ1993። በመሐሉ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራ ጨራ፣ ሐይቁን የሚቆጣጠር መስኮት ያለው ግድብ ተሠራ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት። በለስ ውሃውን የሚወስደው ከሐይቁ ምዕራብ ዳር ነው፤ 12 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ተራራ ሥር አልፎ ወደ በለስ ሸለቆ ይወርዳል፤ በፏፏቴው በኩል አያልፍም።

መንገደኛዋ ይህን ስትሰማ የቆየ ግምቷም አብሮ ተነቃነቀ። ዓባይ ማለት ጣና፣ ጣና ማለት ዓባይ ይመስላት ነበር። ከጣና የሚወጣው ውሃ ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ አሥር በመቶ አይሞላም፤ የቀረው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ ወንዞች በየመንገዱ የሚጨመር ነው። በአገሬው እምነት ግን ዓባይ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣናን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከሐይቁ ጋር አይቀላቀልም፤ የራሱን ውሃ ይዞ ይገባል፣ የራሱን ይዞ ይወጣል። መንገዱን ያሳያት ልጅ ሁለቱንም ያውቃል፤ የመጀመሪያውን በትምህርት ቤት፣ ሁለተኛውን ከአያቱ። የትኛውን ታምናለህ ስትለው «ፈተና ላይ የመጀመሪያውን» አላት።

የገደሉን ሥራ ግን ማንም አላስተዋለውም። ይህ ፏፏቴ ባይኖር ኖሮ ከታች ያሉት የዓባይ ዓሣዎች ሽቅብ ወጥተው ጣና ይገቡ ነበር። አልቻሉም፤ 40 ሜትር ዐለት በሩን ዘጋባቸው። በዚያ የተዘጋ በር ውስጥ ነው ነጭ ዓሣው ተረጋግቶ በአሥራ አምስት ዓይነት የተለያየው። ረቡዕ ዕለት ምሳ ላይ የቀረበው ነጭ ዓሣ ያለዚህ ገደል አይኖርም ነበር፤ ውሃ ቢኖርበትም ባይኖርበትም፣ ፎቶው ቢያምርም ባያምርም።

ከፏፏቴው ፊት ለፊት፣ ሰዎች ቆመው ፎቶ ከሚነሡበት ቦታ አጠገብ፣ ሻይና ለስላሳ የምትሸጥ ሴት አለች። አራት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ፔርሙዝ፣ ጥጥ የተፈተለበት እንዝርት። ጎብኚዎቹ ውሃው መሳሳቱን እያዩ ሲያማርሩ ሰምታ ሳቅ አለች። የመንደሯ ወፍጮ በመብራት ነው የሚሠራው፤ መብራት ሲጠፋ እህሏን በአህያ ጭና ሩቅ ትሄዳለች። የሻዩ ገበያዋ ደግሞ የሚደምቀው ፏፏቴው ሲሞላ ነው። «እናንተ ውሃው የት ሄደ ትላላችሁ» አለቻቸው፤ «እኔ የትም ቢሄድ ደስ ይለኛል፣ ከመጣልኝ። ቅዳሜና እሑድ በዚህ ይለፍ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በወፍጮው።» ከጎብኚዎቹ አንዱ መሐንዲስ ነበርና ይህ እንደማይቻል፣ መስኮቶቹ እንዴት እንደሚከፈቱና ሐይቁ በስንት ቀን እንደሚወርድ ያስረዳት ጀመር። ጨርሶ እስኪያስረዳት ጠበቀችውና ስኳሩን ስንት እንደምታደርግለት ጠየቀችው።